የትኩሳትና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ለልጆች በክብደታቸው ልክ ስለ መስጠት

መድኃኒት ሁሉ ልክ አለው። ይህን ነገር የኢትዮጵያ ሽማግሎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ዐቅሙ ታይቶ፥ መጠኑ ተመጥኖ ይሰጠው ነበር እንጂ እንዲያው በዘፈቀደ አይጠጣም ነበር። ለልጅና ለደካማ ሰው ይቀነስ ነበር፤ መጠኑ ያለፈ እንደሆነ ትሉን ብቻ ሳይሆን ጠጪውንም እንደሚጎዳ የታወቀ ነበርና። ሲበዛ ማርም ይመራል የተባለው ለምግብ ብቻ አይደለም።

ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱና በየሱቁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የትኩሳትና የራስ ምታት መድኃኒቶች አሉ። ከእነርሱም ዋኖቹ ፓራሲታሞል፥ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ናቸው። የተለመዱና ዋጋቸውም ርካሽ ስለ ሆነ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ይቆጥራቸዋል። በልካቸው የተሰጡ እንደሆነ በእርግጥ ይጠቅማሉ፤ ሕመምን ያስታግሳሉ፥ ትኩሳትን ያበርዳሉ። ከልካቸው ያለፉ እንደሆነ ግን ፓራሲታሞል ጉበትን፥ አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ይህ ጉዳት በሕፃናትም ላይ ሊደርስ ይችላል።

በገጠር መንደር መድኃኒት የገዛች እናት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያልቻለች እንደሆነ፥ ወደ አስተማሪው ወይም ማንበብ ወደሚችለው ጎረቤት ሽማግሌ ይዛው ትሄድና «አባባ፥ ይህን ያንብቡልኝ፤ ለልጁ ስንት ልስጠው?» ብላ ትጠይቃለች። በዚያች ሰዓት የአንባቢው ቃል እንደ ሐኪም ቃል ይቆጠራል። ስለዚህ የማንበብ ዕድል ያገኘ ሰው ሦስት ነገሮችን አጥርቶ ማወቅ ይገባዋል። እነዚህም የልጁ ክብደት፥ የመድኃኒቱ ብርታትና በመጠንና በመጠን መካከል ያለው ጊዜ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ መልስ መስጠት አይቻልም።

ስለ መድኃኒቶቹ አመጣጥ

አስፕሪን ጥንተ ነገሩ ከአኻያ ዛፍ ልጥ ጋራ የተያያዘ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1763 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኤድዋርድ ስቶን የተባለ ቄስ የአኻያን ልጥ አድርቆና ፈጭቶ ለትኩሳት እንደሚጠቅም ለሎንዶን የሳይንስ ማኅበር ጻፈ። በ1899 ዓ.ም. ደግሞ ባየር የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ከዚያው ወገን የሆነውን መድኃኒት በፋብሪካ አዘጋጅቶ አስፕሪን በሚል ስም ለገበያ አወጣው።

ፓራሲታሞል በ1893 ዓ.ም. በጀርመን አገር ለበሽተኞች ተሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን ተረስቶ ቀረ። በ1948 ዓ.ም. በርናርድ ብሮዲና ጁልየስ አክስልሮድ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ጥቅሙን እንደ ገና ስለ ገለጡ፥ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በገበያ ላይ ዋለ። አይቡፕሮፌን ከሁሉ በኋላ የመጣ ነው፤ ስቱዋርት አዳምስና ባልንጀሮቹ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ሠርተውት በ1969 ዓ.ም. በሐኪም ትእዛዝ፥ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ያለ ትእዛዝ መሸጥ ጀመረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የመድኃኒቶቹ ጉዳት የታወቀው መድኃኒቶቹ በሰው ዘንድ ከተለመዱ በኋላ ነው። አስፕሪን ስድሳ ዓመት ያህል በዓለም ሁሉ ከተዋጠ በኋላ፥ በ1963 ዓ.ም. ዳግላስ ራይ የተባለ የአውስትራልያ ሐኪም የልጆችን አንጎልና ጉበት በድንገት የሚያጠፋ በሽታ ገለጠ። ይህ በሽታ ይልቁንም በጉንፋን ወይም በጉድፍ ታመው አስፕሪን የወሰዱትን ልጆች እንደሚያገኝ ኋላ ስለ ታወቀ፥ በ1986 ዓ.ም. በእንግሊዝና በአሜሪካ አስፕሪን ለልጆች እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የፓራሲታሞልም መብዛት ጉበትን እንደሚያጠፋ በሐኪሞች መጽሔት የተጻፈው በ1966 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አንድ መድኃኒት የተለመደ ስለ ሆነ ብቻ የማይጎዳ ነው ማለት አይቻልም።

ስለ ክብደት

መድኃኒት ከተዋጠ በኋላ ከደም ጋራ ተቀላቅሎ በሰውነት ሁሉ ይሰራጫል። አንድ ጭብጥ ጨው በትልቅ ድስት ውስጥ ቢጨመር ወጡን ያጣፍጠዋል፤ ያው ጭብጥ በትንሽ ድስት ቢጨመር ግን ወጡ አይበላም። የመድኃኒትም ነገር እንዲሁ ነው። ለአባት የሚበቃው ክኒን በልጁ ትንሽ ሰውነት ውስጥ እጅግ ይበረታል፤ የልጁም ጉበት አጣርቶ ሊያስወግደው ላይችል ይችላል።

ዕድሜ ብቻውን ለመጠን መለኪያ አይበቃም። ሁለት ልጆች ሁለቱም አራት ዓመት ሊሆናቸው ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ 16 ኪሎ፥ ሌላው 12 ኪሎ ይመዝናል። ለመጀመሪያው የሚስማማው መጠን ለሁለተኛው ይበዛበታል። ይህ የከሳው ልጅ ደግሞ ምግብ ያነሰው እንደሆነ ጉበቱ ስለሚደክም ከልክ ያለፈ መድኃኒት ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ ይጎዳዋል።

የትኩሳቱም ብርታት መጠኑን አይለውጥም። ብዙ ሰዎች ልጁ እንደ እሳት ስለ ነደደ መድኃኒቱን እጥፍ አድርገው ይሰጣሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መጠኑ የሚሰፈረው በልጁ ክብደት ነው እንጂ በትኩሳቱ ወይም በእናቲቱ ጭንቀት አይደለም።

ክብደትን ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ ማስመዘን ነው። የሰው ሚዛን በተገኘበት ስፍራ ግን ቀላል ዘዴ አለ። እናቲቱ ልጁን ታቅፋ ትመዘናለች፤ ቀጥላም ልጁን ለሌላ ሰው ሰጥታ ብቻዋን ትመዘናለች፤ ሁለተኛው ቍጥር ከመጀመሪያው ሲቀነስ የቀረው የልጁ ክብደት ነው። ለምሳሌ ከልጁ ጋራ 58 ኪሎ፥ ብቻዋን 46 ኪሎ ብትመዝን ልጁ 12 ኪሎ ነው። በሚመዘንበት ጊዜ ጋቢውና ጫማው ይውለቅ። ያለፈው ዓመት ክብደት ለዘንድሮ አያገለግልም፤ ልጅ ያድጋልና፥ ሲታመምም ይከሳልና።

ስለ መጠኑ ስሌት

ፓራሲታሞል ለልጅ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። ሚሊግራም ማለት የአንድ ግራም ሺኛ እጅ ነው። ስለዚህ የልጁ ኪሎ በ10 ሲባዛ ትንሹ፥ በ15 ሲባዛ ትልቁ የአንድ ጊዜ መጠን ይገኛል።

ክብደቱ 6 ኪሎ ለሆነ ከ60 እስከ 90 ሚሊግራም፤
ክብደቱ 8 ኪሎ ለሆነ ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም፤
ክብደቱ 10 ኪሎ ለሆነ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም፤
ክብደቱ 12 ኪሎ ለሆነ ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም፤
ክብደቱ 16 ኪሎ ለሆነ ከ160 እስከ 240 ሚሊግራም፤
ክብደቱ 20 ኪሎ ለሆነ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም፤
ክብደቱ 30 ኪሎ ለሆነ ከ300 እስከ 450 ሚሊግራም።

ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን ይህ ስሌት በቤት ውስጥ አይሠራበትም። እንዲህ ያለው ሕፃን ሰውነቱ የተኮሰ እንደሆነ መድኃኒት ፍለጋ ሳይባል ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ስለ መድኃኒቱ ብርታት

የልጁ መጠን በሚሊግራም ከታወቀ በኋላ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ይነበባል። ጠርሙስ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። በአንዱ ላይ «120 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» ተብሎ ይጻፋል፤ በሌላው ላይ «250 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» ይባላል፤ ለጨቅላዎች ተብሎ በጠብታ የሚሰጠው ደግሞ በአንድ ሚሊሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም የያዘ ሊሆን ይችላል። የፈሳሹ ቀለምና ጣዕም ቢመሳሰልም ብርታቱ የተለያየ ነው።

ክብደቱ 12 ኪሎ ለሆነው ልጅ ትልቁ መጠን 180 ሚሊግራም ነው ተብሏል። ይህ ከመጀመሪያው ጠርሙስ 7 ሚሊሊትር ተኩል፥ ከሁለተኛው 3 ሚሊሊትር ተኩል ያህል፥ ከጠብታው ደግሞ 2 ሚሊሊትር እንኳ የማይሞላ ነው። እናቲቱ ከመጀመሪያው ጠርሙስ የለመደችውን 7 ሚሊሊትር ተኩል ከጠብታው የሰጠች እንደሆነ፥ ልጁ 750 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ይህም ከትልቁ መጠን ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

ይህን የመሰለ ስሕተት በሠለጠኑት አገሮችም ደርሷል። በአሜሪካ ለጨቅላዎች የሚሸጠው የፓራሲታሞል ጠብታ ለተለቅ ላሉት ልጆች ከሚሸጠው ፈሳሽ ሦስት እጥፍ ያህል የበረታ ነበር። ወላጆች አንዱን በሌላው እየለወጡ ልጆች ስለ ተጎዱ፥ በ2011 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር መድኃኒት ሠሪዎቹ የሁለቱን ብርታት አንድ ለማድረግ ወሰኑ። ማንበብ የሚችል ሰውም የጠርሙሱን ስም አንብቦ ቍጥሩን ሳያነብ ሊቀር ይችላል።

የመስፈሪያውም ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። 5 ሚሊሊትር በሐኪሞች ልክ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ 15 ሚሊሊትር ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። ነገር ግን በየቤቱ ያለው ማንኪያ አንዱ ሰፊ፥ አንዱ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከጠርሙሱ ጋራ የሚመጣውን ባለ መስመር ስኒ ወይም መርፌ የሌለውን ስሪንጅ መጠቀም ይገባል። ከመቅዳትም አስቀድሞ ጠርሙሱ ደኅና ተደርጎ ይናወጥ፤ መድኃኒቱ ከሥር የረጋ እንደሆነ መጀመሪያ የጠጣው ውሃውን፥ መጨረሻ የጠጣው ዝቃጩን ይወስዳልና።

ስለ ክኒን

ለዐዋቂ የሚሸጠው የፓራሲታሞል ክኒን አብዛኛውን ጊዜ 500 ሚሊግራም ነው። ይህ ሙሉ ክኒን ለ12 ኪሎ ልጅ የተሰጠ እንደሆነ ከትልቁ መጠን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በቀን አራት ጊዜ ቢደገም ደግሞ 2000 ሚሊግራም ይሆናል፤ ልጁ በአንድ ቀን ሊያልፈው የማይገባው ወሰን ግን 720 ሚሊግራም ነው። እንዲህ ያለው አሰጣጥ ሁለትና ሦስት ቀን የቀጠለ እንደሆነ፥ ከትኩሳቱ ያልሞተው ልጅ በመድኃኒቱ ሊሞት ይችላል። ሌላ መድኃኒት ከጠፋ የክኒኑ ሩብ 125 ሚሊግራም ስለ ሆነ ለ12 ኪሎ ልጅ ይስማማል፤ ነገር ግን በእጅ የተሰበረ ክኒን እኩል ስለማይከፈል በሥለት ተስተካክሎ ይቈረጥ።

ሰውነቱ የደረሰ ዐዋቂ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ክኒን ይወስዳል፤ በቀንና በሌሊት ግን ከ8 ክኒን፥ ማለት ከ4000 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ከሲታ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ግን እንደ ልጅ በኪሎ ይሰላለታል። 40 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የአንድ ጊዜው ትልቅ መጠን 600 ሚሊግራም ስለ ሆነ አንድ ክኒን ይበቃዋል። አረቄ የሚያዘወትር ወይም የጉበት በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ይህን መድኃኒት አይለማመድ።

ስለ ጊዜውና ስለ ስሙ

ፓራሲታሞል ከተሰጠ በኋላ ሳያንስ 4 ሰዓት፥ ይልቁንም 6 ሰዓት መቈየት አለበት፤ በ24 ሰዓትም ከአራት ጊዜ በላይ አይሰጥም። ለምሳሌ ጧት በ1 ሰዓት የጀመረች እናት ቀን በ7 ሰዓት፥ ማታ በ1 ሰዓትና ሌሊት በ7 ሰዓት ትሰጣለች። ጧት እናት፥ ቀን አያት፥ ማታ ታላቅ እኅት እየሰጡ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ መጠኑ እንዳይደገም፥ የተሰጠበት ሰዓት በወረቀት ተጽፎ በጠርሙሱ ላይ ይታሰር። መጻፍ የሚችል የተማሪ ቤት ልጅ በቤቱ ውስጥ ለዚህ ሥራ እጅግ ይጠቅማል።

ደግሞም አንዱ መድኃኒት ብዙ ስም አለው። ፓናዶል የሚባለው ራሱ ፓራሲታሞል ነው። ለጉንፋን ከሚሸጡት ክኒኖችና ፈሳሾችም ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ተጨምሮባቸዋል። ለትኩሳቱ አንዱን፥ ለጉንፋኑ ሌላውን የሰጠ ሰው ሳያውቀው አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ በትልቅ ፊደል የተጻፈው የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን ከሥሩ በትንሽ ፊደል የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ይነበብ።

ስለ አይቡፕሮፌንና ስለ አስፕሪን

አይቡፕሮፌን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ይሰጣል፤ በመጠንና በመጠን መካከል ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ በቀንም ከሦስት ጊዜ አያልፍም። ለ12 ኪሎ ልጅ ከ60 እስከ 120 ሚሊግራም ማለት ነው። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። በተቅማጥና በትውከት ውሃው ላለቀበት ልጅም አይሰጥም፤ ውሃ ያነሰውን ኩላሊት ይጎዳልና። ጨጓራው ለቆሰለበት ሰው፥ ኩላሊቱን ለታመመና ለነፍሰ ጡር ሴትም ሐኪም ሳይጠየቅ መስጠት አይገባም።

አስፕሪን ዕድሜው 16 ዓመት ላልሞላ ልጅ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከቶ አይሰጥ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደምን ስለሚያቀጥኑ፥ ደንጊ በሚባለው በትንኝ በሚተላለፍ ትኩሳት የተያዘውን ሰው ለደም መፍሰስ ያጋልጡታል። ይህ በሽታ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ የትኩሳቱ ምክንያት ባልታወቀበት ጊዜ ፓራሲታሞልን መምረጥ ይሻላል።

መድኃኒቱ ትኩሳትን እንጂ በሽታን እንደማያድን

ትኩሳት ራሱ በሽታ አይደለም፤ ሰውነት በሽታን ሲዋጋ የሚያሳየው ምልክት ነው። ልጁ ቢተኩስም የሚጫወትና የሚጠጣ እንደሆነ መድኃኒት ላያስፈልገው ይችላል። ጋቢ ደራርቦ መጠቅለልም፥ በቀዝቃዛ ውሃ መንከርም አይጠቅምም፤ ቀላል ልብስ ማልበስና ጡት ወይም ውሃ ደጋግሞ ማጠጣት ይበቃል።

ከሁሉ የሚያስፈራው መድኃኒቱ ትኩሳቱን አብርዶ በሽታውን ሲሸፍነው ነው። ወባ ባለበት ቆላ አገር የተኮሰ ልጅ ፓራሲታሞል ውጦ ለጥቂት ሰዓት ይቀለዋል፤ ወላጆቹም ዳነ ብለው ይቀመጣሉ፤ ወባው ግን በደሙ ውስጥ ይባዛል። ስለዚህ በወባ አገር ትኩሳት የጀመረው ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ ሄዶ ደሙን ይመርመር። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፥ የበላውን ሁሉ የሚያስመልሰው፥ ሰውነቱ የተንፈራገጠ፥ የደነዘዘ ወይም ራሱን የሳተ፥ አንገቱ የደረቀ፥ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ልጅ የሆነ እንደሆነ ግን አንዲት ሰዓት እንኳ ሳይቈይ ይወሰድ።

መጠኑ ያለፈ እንደሆነ

ከልክ ያለፈ ፓራሲታሞል ክፋቱ ዝምታው ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ጥቂት ቢያቅለሸልሸው ነው፤ ደኅናም ሊመስል ይችላል። የጉበቱ መጥፋት የሚታወቀው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን፥ ጎኑን ሲያመውና ዐይኑ ቢጫ ሲሆን ነው። ለዚህ መርዝ ማርከሻ አለ፤ ስሙም አሴቲልሲስቴይን ይባላል። ነገር ግን በጣም የሚረዳው መድኃኒቱ ከተዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ የተሰጠ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ብዙ ክኒን የዋጠ ወይም ጠርሙሱን የጠጣ ልጅ በተገኘ ጊዜ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅ። ወተት በማጠጣት ወይም በግድ በማስመለስ ጊዜ አይጥፋ። ባዶውን ጠርሙስና የቀረውን ክኒን ይዞ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ሐኪሙ የዋጠውን መጠንና ሰዓት ማወቅ ያስፈልገዋልና። ይህ መከራ እንዳይደርስ መድኃኒት ሁሉ ተቈልፎ፥ ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ካለ ስፍራ ይቀመጥ፤ ለልጅም ከረሜላ ነው እየተባለ አይሰጥ።

ተማሪ ቤት ሊያደርገው የሚገባ

ማባዛትና ማካፈል የሚማሩ ልጆች የበግና የእህል ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒትን መጠንም በምሳሌ ቢያሰሉ፥ ትምህርቱ ወደ ቤታቸው ይገባል። አስተማሪው በየመንፈቁ የተማሪዎቹን ክብደት መዝኖ በመዝገብ ቢጽፍ፥ ከላይ የተጻፈውንም የክብደትና የመጠን ዝርዝር በትልቅ ወረቀት ገልብጦ በግድግዳ ላይ ቢሰቅለው፥ ለመንደሩ ሁሉ መመልከቻ ይሆናል።

ማንበብ የሚችለውም ሽማግሌ መድኃኒት ይዘው ሲመጡበት፥ ስንት ይሰጥ ብሎ ከመመለሱ በፊት ልጁ ስንት ኪሎ ነው? በጠርሙሱ ላይ ያለው ቍጥር ስንት ነው? መጨረሻ የተሰጠው መቼ ነው? ሌላስ ምን መድኃኒት ወሰደ? ብሎ ይጠይቅ። ጽሑፉ የማይታወቅ፥ የተፋቀ ወይም የመበላሻው ቀን ያለፈ እንደሆነ በግምት ከመናገር ይልቅ ወደ ጤና ኬላ መላክ ክብር ነው እንጂ ነውር አይደለም። በገበያ ቡናና ቅቤ ያለ ሚዛን አይሸጥም፤ ልጅ የሚውጠው መድኃኒትም እንዲሁ ያለ ሚዛን ሊሰጥ አይገባም።